«አቃጠለኝ» ሲባል በምን? አንዱ «በርን» እና የኛ ብዙ ቃላት

የአዳማ ሙቀት ከመጋቢት ወዲያ ሲበረታ በየፋርማሲው መስኮት አንድ ቃል ይደጋገማል፤ «አቃጠለኝ»። አንዷ ፊቷን ታሳያለች። አንዱ ደረቱ ላይ እጁን ያሳርፋል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሽንቱ ይናገራል። ከመደርደሪያው በኩል ደግሞ የእንግሊዝኛው «በርን» (burn) ይጠብቃቸዋል። የክሬም ቱቦ ላይ አለ። የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ካርቶን ላይ አለ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ማስታወቂያም «ፋት በርነር»፣ «ሰን በርን»፣ «በርን አውት» እየተባለ ይመጣል። ስልክ ላይ አስተርጉመን ስናነበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ማቃጠል» ወይም «ቃጠሎ» ሆኖ ይወጣል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «በርን» በእንግሊዝኛ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። እሳት ያቃጠለውንም፣ ፀሐይ ያጠቆረውንም፣ አሲድ የበላውንም፣ ሰውነት የተጠቀመበትን ስብም በአንድ ስም ይጠራል። ሁሉንም «ማቃጠል» ብለን ስንመልሰው ምን እንዳቃጠለ ይጠፋል። የት እንደተቃጠለም ይጠፋል። አንዳንዴ የተቃጠለ ነገር መኖሩ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ነገሩ የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ። ግን ቁስል ላይ ምን እንደሚቀባ፣ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚወጣ፣ ሐኪም ጋ መቼ እንደሚኬድ የሚወስነው ይኸው ቃል ነው።

ሁለት ግሥ በአንድ ቃል

የጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ነበሩት። አንዱ ራሱ የሚነደውን ነገር ይናገራል። ሌላው አንድን ነገር በእሳት ስለሚያነድ ሰው ይናገራል። በዘመናት ውስጥ ሁለቱ ተዋሐዱና ዛሬ «በርን» የምንለው አንድ ቃል ሆኑ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ቤቱም «በርን» ያደርጋል፤ ቤቱን ያቃጠለው ሰውም «በርን» ያደርጋል።

አማርኛ እንዲህ አያደባልቅም። «ተቃጠለ» እና «አቃጠለ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ያቺ አንዷ ፊደል ግን ማን ምን እንዳደረገ ትናገራለች። አዳማ ላይ ከአማርኛ ጎን የሚነገረው ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «ጉቡ» ማቃጠል፣ «ጉበቹ» መቃጠል። ልዩነቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ወደ ወንጂ መሄድ በቂ ነው። የስኳር አገዳ ከመቆረጡ በፊት ደረቅ ቅጠሉ እንዲጠራ ማሳው ላይ ሆን ተብሎ እሳት ይለቀቅበታል። «አገዳውን አቃጠሉት» ከተባለ ነገ አጨዳ አለ ማለት ነው። «አገዳው ተቃጠለ» ከተባለ ግን ሰሚው «ምነው? ምን ተፈጠረ?» ይላል። በእንግሊዝኛው ግሥ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ደግሞ ሌላ «በርን» አለ። ትርጉሙ ጅረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1314 ስኮቶች እንግሊዞችን ያሸነፉበት የባኖክበርን ጦርነት ስሙን ያገኘው ከእሳት አይደለም፤ ከወራጅ ውሃ ነው። አንድ ቃል እሳትም ውሃም ሲሆን ማየት ይገርማል።

እኛም ግን ከዚህ ዓይነቱ ነገር ንጹሕ አይደለንም። «ቃጠሎ ደረሰ» የሚል ዜና ስንሰማ መጋዘን ይሁን ሰው የተቃጠለው ወዲያው አናውቅም። እንግሊዝኛ እሳቱንና ቁስሉን በሁለት ስም ይለያል። አማርኛ ለሁለቱም «ቃጠሎ» ይላል። «ተኮሰ»ም አለ። ልብስ ይተኮሳል፤ ጠመንጃ ይተኮሳል፤ ሕፃን ያተኩሰዋል፤ ሻይ ትኩስ ነው። በአንድ ቃል ብዙ መጫን የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የሚያጣላን ጭነቱ ያረፈበት ቦታ ነው።

ወጥ ያርራል፣ ቡና ይፋጃል

ወጥ ድስት ውስጥ ሲይዝ «አረረ» እንላለን። ከጀበና የወረደ ቡና «ይፋጃል»። ሳማ እግር ሲነካ «ይለበልባል»። ምጣድ «ይግላል»። እንጨት «ይነዳል»። የሣር ቤት «ይጋያል»። ሥጋ «ይጠበሳል»፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ምልክትም ከዚሁ ሥር «ጠባሳ» ተብሏል።

እነዚህ ቃላት ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ መረጃ ይዟል። «ፋጀኝ» ያለ ሰው እሳት እንዳልነካው፣ ትኩስ ፈሳሽ ወይም የጋለ ዕቃ እንደነካው ተናግሯል። «ለበለበኝ» ያለው ጉዳቱ ከላይ ከላይ እንደሆነ ተናግሯል። «አረረ» ውሃው አልቆ ከሥር መያዙን ይነግረናል። «ጋየ» የተረፈ ነገር እንደሌለ ይነግረናል። እነዚህን ሁሉ «ተቃጠለ» ወደሚል አንድ ቃል ስንሰበስባቸው ልጅ ሳለን ማዕድ ቤት የተማርነውን እውቀት እንጥላለን።

ሐኪሞች የቆዳ ቃጠሎን በጥልቀቱ ደረጃ ይሰጡታል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው የላይኛውን ሽፋን ብቻ የነካ ነው። ያማል፣ ይሞቃል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይላጣል። ሁለተኛው ጠለቅ ብሎ ውሃ የሚቋጥር ነው። ሦስተኛው ቆዳውን ዘልቆ ያለፈ ነው። ለሕዝብ የሚነገር የጤና ትምህርት «ለብለብ ያደረገው»፣ «ውሃ የቋጠረ»፣ «የከሰለ» ቢል የማይገባው ሰው አይኖርም። በተለይ ሦስተኛው ላይ አንድ አታላይ ነገር አለ። ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮች ራሳቸው ስለሚሞቱ ከባዱ ቦታ ላያም ይችላል። «አያመኝም፣ ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ከሁሉም በላይ የተጎዳው ሊሆን ይችላል።

ሚጥሚጣ በእርግጥ ያቃጥላል?

ሚጥሚጣ አፍን ሲያቃጥል የምላስ ሙቀት አይጨምርም። ታዲያ ለምን «አቃጠለኝ» እንላለን? ለምንስ እንግሊዞችም ለዚሁ ስሜት «በርን» ይላሉ?

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በነርቭ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ፕሮቲን አገኙ። ይህች ፕሮቲን ሥራዋ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲመጣ ለአንጎል «እሳት!» ብላ መጮኽ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይህችኑ ፕሮቲን ይከፍታል። አንጎል ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይችልም። መልእክቱ አንድ ነው። ጁሊየስ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ስለዚህ አማርኛም እንግሊዝኛም እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ስሜቱ የእሳት ስሜት ነው። እሳቱ ግን የለም። የቀዝቃዛው ስሜትም እንዲሁ ነው፤ ሜንቶል ያለበት ቅባት ቆዳን ሳያቀዘቅዝ የቀዘቀዘ ያስመስላል፤ የሚነካው ሌላ የቅዝቃዜ ፕሮቲን ነው። ይህን ማወቅ ለቀጣዩ ክፍል ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በሙቀቷ ፕሮቲን ላይ ትልቅ ንግድ ተመሥርቷል።

ቦርጭ የሚነድ ነገር ነው?

«የስብ ማቃጠያ» የሚባሉ ክሬሞች ሆድ ላይ ሲቀቡ ያሞቃሉ። አንዳንዶቹ በደንብ ያቃጥላሉ። ገዢው «እየሠራ ነው» ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በክሬሙ ውስጥ ያለው የበርበሬ ጭማቂ ወይም ተመሳሳይ ነገር የቆዳውን ነርቭ ነክቷል። ስቡ ከቆዳው በታች ነው፤ ምንም አልሰማም።

«ስብ ይቃጠላል» የሚለው አነጋገር ራሱ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ላቮይዜ መተንፈስ ዘገምተኛ ቃጠሎ እንደሆነ አሳይቷል። እንጨት ሲነድ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሰውነትም ምግብን እንዲሁ ያደርጋል፤ ያለ ነበልባል፣ ቀስ ብሎ፣ በ37 ዲግሪ አካባቢ። ከዚህ አንፃር «ማቃጠል» ትክክለኛ ቃል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ቃሉን ሰምተን እሳትና ላብ ስንፈልግ ነው።

ስብ ሲቃጠል የት ይሄዳል? ብዙ ሰው «በላብ ይወጣል» ይላል። ሒሳቡ ሌላ ነው። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ላብ በዋናነት ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው፤ አንድ ጆግ ሲጠጡ ተመልሶ ይገባል። በአዳማ ሙቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ መሮጥ ስብ አያወጣም። ሰውነት ላብን አትንኖ መቀዝቀዝ ስለሚያቅተው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያ ደግሞ ራስን የሚያስት፣ የሚገድልም አደጋ ነው።

በእርግጥ ስብን የሚያቃጥል መድኃኒት ኖሮ ያውቃል። ዳይናይትሮፌኖል ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንጂ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ክብደት ሲቀንሱ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በአሜሪካ የክብደት መቀነሻ ሆኖ ተሸጠ። ሠርቷልም። የሚሠራው ግን ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ኃይል በሙቀት መልክ እንዲያባክነው በማድረግ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ከውስጥ ግለው ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1938 ለሰው ልጅ የማይሆን ተብሎ ታገደ። ዛሬም በኢንተርኔት በድብቅ እየተሸጠ ሰው ይገድላል። ማስታወቂያው «ስብን በእሳት ፍጥነት ያቃጥላል» ሲል ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ይህን ቃል በእውነት የፈጸመው መድኃኒት ሰውዬውንም አብሮ ነው ያቃጠለው።

ፀሐይ፣ ቆዳና ምች

«ሰን በርን» በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ጉዳት ነው። ስሙ ሙቀትን ያስታውሳል፤ አድራጊው ግን ሙቀት አይደለም። አልትራቫዮሌት የሚባል፣ ዓይን የማያየው፣ ቆዳም ሲያርፍበት የማይሰማው ጨረር ነው። የሚሰማን ከሰዓታት በኋላ ነው።

ለአዳማ ሰው ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። የሚያዝያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጠራራው ራሱ ይናገራል። ነሐሴ ግን ደመና ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጥላ የሚይዝ የለም። ስስ ደመና ከጨረሩ አብዛኛውን ያሳልፋል። በነሐሴ እኩለ ቀን ደመናው ገለጥ ሲል የሚወርደው ጨረር ከሚያዝያው ብዙም አይተናነስም። «ዛሬ አላቃጠለም» የሚለው ስሜት ስለ አየሩ እንጂ ስለ ጨረሩ አይነግረንም።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም የፈረንጅ ዕቃ ነው» ይላል። ሌላው «ሁሉም ሰው በየቀኑ መቀባት አለበት» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በእርግጥ ጥላ ነው፤ በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ በጣም ያነሰ ነው። ግን ጥላው ሙሉ አይደለም። ጠይም ቆዳ ሲጎዳ እንደ ነጭ ቆዳ ቀልቶ ስለማይታይ እንስተዋለን እንጂ ይሞቃል፣ ይወጠራል፣ ይላጣል። ማድያት ያለበት ፊት ደግሞ በፀሐይ ይብስበታል፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ያባብሰዋል። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው የተወለዱ ወገኖቻችን ግን ክርክር አያስፈልጋቸውም። ለእነርሱ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና መከላከያ ክሬም የሕይወት ጉዳይ ነው። ክሬሙ የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ መታየቱ እነርሱን ከሁሉም በላይ ይጎዳል። ለተራው ሰው ጃንጥላና ባርኔጣ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ።

«ፀሐይ ፊቴን አቃጠለኝ» ከሚሉት መካከል ጥፋተኛዋ ፀሐይ ያልሆነችበት ጊዜም አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማድያት ወይም ለቅላት የሚቀቡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይድ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ትንሽ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ሰውዬው «ፀሐይ ነው» ብሎ ያንኑ ክሬም ጨምሮ ይቀባል። አንድ ቃል ሰውን በክብ ያዞራል የምንለው ይህን ነው።

ከዚህ ጋር ምች መነሣቱ አይቀርም። ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ እኛ «ምች መታው» እንላለን፤ ምክንያቱ ፀሐይ ነው እንላለን፤ ዳማ ከሴ እንፈልጋለን። እንግሊዞች ለዚሁ ቁስል የሰጡት ስም ቃል በቃል ሲመለስ «የብርድ ቁስል» ነው። ማን ልክ ነው? ቁስሉን የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ትኩሳትና ጉንፋን ነው፤ ሌላው ጠንካራ ፀሐይ ነው። እንግሊዞች አንዱን ቀስቃሽ አዩ፤ እኛ ሌላውን አየን። በእኛ አየር ንብረት የእኛ ስያሜ የተሻለ ይመስለኛል። የጎደለው ተላላፊነቱ ነው። «ፀሐይ ነው» ብለን ስለምናምን ከንፈሩ የቆሰለ አዋቂ ጨቅላ ሲስም አንከለክለውም። ለአራስ ልጅ ግን ይህ ቫይረስ አደገኛ ነው።

ያለ እሳት የሚበላ

አዳማ በየአቅጣጫው ትገነባለች። የቀን ሠራተኛው በባዶ እግሩ ወይም በቀዳዳ ቦቲ እርጥብ ኮንክሪት ውስጥ ይቆማል። ማታ እግሩ ተልጦ ያገኘዋል። «ሲሚንቶ በላኝ» ይላል። እንግሊዝኛ ይህንንም «በርን» ይለዋል። አማርኛው «በላኝ» ማለቱ አስደናቂ ነው፤ በትክክል የሆነው ያ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ጠንካራ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። አልካሊ የቆዳን ስብና ፕሮቲን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይገባል። አሲድ ብዙ ጊዜ የነካውን አድርቆ ራሱ መንገዱን ይዘጋል፤ አልካሊ ግን መንገድ እየከፈተ ይሄዳል። ሲነካ አያምም፤ ስለዚህ ሰው አይታጠብም። መፍትሔው ውሃ ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ቶሎ። «ቃጠሎ» ብሎ የሰማ ሰው ግን ወደ ቅባት ይሮጣል።

የበረኪናም የባትሪ አሲድም መፍትሔ ያው ውሃ ነው። በተለይ ዓይን ውስጥ ከገቡ ሐኪም ቤት ከመሮጥ በፊት እዚያው በውሃ መታጠብ ይቀድማል።

ኤሌክትሪክ ሌላ ነው። እኛ «ኮረንቲ ያዘው» እንላለን፤ እንግሊዝኛ እዚህም «በርን» አለው። ቆዳው ላይ የምትታየው ጠባሳ የጣት ጫፍ ልታክል ትችላለች። የተጎዳው ሥጋ ግን ከውስጥ ነው፤ ልብም ምቱ ሊዛባ ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ ቤት የሚቀር ጉዳት አይደለም።

ደረት፣ ሽንት፣ ጎን

እንግሊዝኛው «ሃርት በርን» ቃል በቃል «የልብ ቃጠሎ» ነው። ልብ ግን የለችበትም። የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ሲመለስ የሚመጣ ነው፤ አማርኛው «ቃር» አጭርና ግልጽ ቃል አለው። ግን መጠንቀቅ የሚገባው ተቃራኒው ስህተት ነው። እውነተኛ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጀምር ሰው «ጨጓራዬ ነው፣ ያቃጥለኛል» ሊል ይችላል። ማቃጠሉ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለ ተልባና ወተት አይጠበቅም።

ሽንት ሲያቃጥል ብዙ ጊዜ «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ስለተቀመጥኩ ነው» ይባላል። በሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ትንሽ ሊያቃጥልም ይችላል። ውሃ ተጠጥቶ ካልቀረ ግን ኢንፌክሽን ነው ብሎ መመርመር ይሻላል፤ ድንጋዩ አላደረገውም።

ጎን ወይም ፊት ላይ በአንድ ወገን ብቻ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ ቀጥሎ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ነው። የልጅነት ጉድፍ ያመጣው ቫይረስ ተመልሶ ነርቭ ላይ ሲነሣ ነው። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። «ምች ነው» ብሎ ሳምንት መጠበቅ እነዚያን ቀናት ይበላል።

ሀዘንንም መርሳት አይገባም። «አንጀቴ አረረ»፣ «ሆዴን አቃጠለኝ» የሚሉ እናት ምርመራ ክፍል ሲገቡ ስለ ሆድ ዕቃ ላይናገሩ ይችላሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሐኪም «እማማ፣ ምን ገጠመዎት?» ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞላ ካርድ ግን «የሆድ ማቃጠል» ብሎ ያልፋል።

«በርን አውት» እና «ታከተኝ»

ይህ ቃል ወደ ሥራ ዓለም የገባው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በበጎ አድራጎት ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ሲሟጠጡ አይቶ ስም ሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲተረጉመው በሽታ አላለውም፤ መላ ባልተበጀለት የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው አለው። «ስንፍና ነው» የሚሉም «በሽታ ነው» የሚሉም ከዚህ ትርጉም ወጥተዋል።

ቃሉን «ተቃጠልኩ» ብለን ስንመልሰው ይዛባል። በከተማ አነጋገር «ተቃጠልኩ»፣ «ነደደኝ» ማለት ተናደድኩ ማለት ነው፤ ገና እሳቱ አለ ማለት ነው። «በርን አውት» ግን ነዶ ያለቀ፣ አመድ የቀረው ነው። የሚቀርበው ቃላችን «ታከተኝ» ወይም «ዛልኩ» ይመስለኛል።

ቃሉን እንዋሰው ወይስ እንመልሰው?

አንዳንዶች «በርን»ን እንዳለ መውሰድ ይሻላል ይላሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። የሕክምና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ባለሙያ አንድ ቃል ከያዘ ስህተት ይቀንሳል። መዋስ የሚያምርበት ቦታም አለ። ሲዲ በነበረበት ዘመን ወጣቱ ሙዚቃ ቤት ገብቶ «በርን አድርግልኝ» ይል ነበር። በእርግጥም ሌዘሩ በዲስኩ ላይ ያለውን ቀለም እያሞቀ ምልክት ያሳርፍ ስለነበር ስሙ ውሸት አልነበረም። ግን ማንም «ሲዲውን አቃጥልልኝ» ብሎ አያውቅም። ጆሮው አልፈቀደለትም። አዲስ ነገር አዲስ ቃል ይዞ መጣ፤ ተጠቀሙበት፤ ሄደ።

ቆዳ ግን አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ የውሰት ቃል የሚገባው ያለንን ለመተካት ሲሆን ኪሳራ ነው። በሐኪሞች መካከል «በርን» ይነገር። ወደ ታካሚው ሲዞር ግን «ፋጀህ? ለበለበህ? በላህ? ያዘህ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ፎርም የበለጠ መልስ ያመጣል።

ጀበናው ሲገለበጥ

የዓለም ጤና ድርጅት በቃጠሎ ሳቢያ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ትንንሽ ልጆችን በብዛት የሚጎዳው ነበልባል አይደለም። ትኩስ ፈሳሽ ነው።

ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። ጀበናው ገና ከከሰሉ ወርዷል። መዳህ የጀመረ ልጅ የረከቦቱን ጫፍ ይዞ ሊነሣ ይሞክራል። በአዳማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ዘልቆ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ልጁ ይጮኻል። ቤቱ ይተራመሳል። አንዷ ኮልጌት ትላለች። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ እንቁላል ትላለች።

ከሁሉም የሚቀድመው ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። ቆዳው ውስጥ የገባው ሙቀት ልብሱ ከወለቀ በኋላም መጉዳቱን ይቀጥላል፤ ውሃው እሱን ያወጣል። ኮልጌትና ቅቤ ሙቀቱን ከድነው ያስቀሩታል፤ ሐኪሙም ቁስሉን ማየት አይችልም። ስለ ማር የሚነሳው ክርክር ፍሬ አለው፤ ለሕክምና የተዘጋጀ ማር ውሃ የቋጠረ ቃጠሎን ቶሎ እንደሚያድን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን እሱ በኋላ፣ በጤና ባለሙያ እጅ ነው። የውሃውን ቦታ አይወስድም።

አዳማ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በእኩለ ቀን ጣራ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ሙቅ ነው። መጀመሪያ በእጅ ጀርባ መሞከር ያስፈልጋል። ቧንቧ ከሌለ ጥላ ውስጥ ከዋለ ጀሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይቻላል። ውሃው ዘግይቶ ቢገኝም ከተቃጠለ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ይጠቅማል። ልብሱ ቆዳው ላይ ካልተጣበቀ ይወልቃል፤ አምባርና ክር ከማበጡ በፊት ይፈታል። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ሸፍኖ መሄድ ነው።

የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የራሱን ሰውነት 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል፤ የልጁም መዳፍ የልጁን። ስለዚህ ሐኪም ቤት ሲደረስ «ልጄ ተቃጠለብኝ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የፈላ ቡና ነው የፈሰሰበት። ከግማሽ ሰዓት በፊት። ደረቱና ክንዱ ላይ፣ በራሱ መዳፍ ስድስት ያህል። ውሃ ቋጥሯል። 20 ደቂቃ ውሃ አፍስሰንበታል፤ ሌላ ምንም አልቀባንም።»